የተዛባ የእንቅልፍ ሰዓትን መመለስ፦ ሥራው ከጠዋት ይጀምራል

«ዛሬስ በጊዜ እተኛለሁ» ብላችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልጋ ውስጥ ትገባላችሁ። መብራት ይጠፋል። ዓይናችሁ ግን ፍጥጥ ይላል። ትገላበጣላችሁ፣ ትራሱን ትገለብጣላችሁ፣ ሰዓት ታያላችሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ድንገት ይጥላችኋል። ጠዋት አላርሙ ሲጮህ ሰውነታችሁ እንደ ድንጋይ ከብዷል።

ይህን ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በምሽቱ በኩል ይጀምራል። የሚከሽፈውም ለዚህ ነው። እንቅልፍን «ና» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። መንቃትን ግን ማዘዝ ይቻላል፣ ብርሃንንም እንዲሁ። የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

መመሪያው የተጻፈው አምሽቶ እንቅልፍ ለሚወስደው፣ ከተኛ በኋላ ግን ደህና አድርጎ ለሚተኛ ሰው ነው። በቶሎ ተኝታችሁ ሌሊት ላይ እየነቃችሁ የምትቸገሩ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፤ መጨረሻ አካባቢ ያለውን የሐኪም ክፍል ቀድማችሁ አንብቡት። ጠቅላላ ሥራው ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። አንዱ ሳምንት ዝግጅት ነው፤ እባካችሁ እሱን አትዝለሉት።

ሳታውቁት የማይጀመር ነገር

አንጎል ውስጥ፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ 20,000 ገደማ የነርቭ ሴሎች የተሰበሰቡበት ትንሽ ስፍራ አለ። የሰውነት ሰዓት ዋናው ማዕከል ይህ ነው። የሰውነት ሙቀት መቼ እንደሚወርድ፣ ሜላቶኒን የተባለው የምሽት ሆርሞን መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ ንቁ እንደምንሆን የሚወስነው እሱ ነው።

ይህ ሰዓት በብዙዎቻችን ላይ ትንሽ ይዘገያል። አንድ ዙሩን የሚጨርሰው በአማካይ ከ24 ሰዓት 10 ደቂቃ ያህል አልፎ ነው። በየቀኑ ካልተስተካከለ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የሚያስተካክለው ደግሞ በዋናነት በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው።

እዚህ ጋ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ብርሃን ሁልጊዜ ሰዓቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አይገፋም። የሰውነት ሙቀት ሌሊት ላይ እጅግ ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ፤ እኔ «የመታጠፊያ ሰዓት» እለዋለሁ። ከመታጠፊያው በፊት፣ ማለትም በምሽትና በሌሊት የሚያገኛችሁ ብርሃን ሰዓታችሁን ያዘገየዋል። ከመታጠፊያው በኋላ ባሉት ሰዓታት የሚያገኛችሁ ብርሃን ደግሞ ያስቀድመዋል። ብርሃኑ ያው ብርሃን ሆኖ ውጤቱ ተቃራኒ ነው።

ሁለተኛው ኃይል የእንቅልፍ ጫና ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ዓይናችንንም ያከብደዋል። ስንተኛ ይራገፋል። ጥሩ እንቅልፍ የሚመጣው ጫናውም ሲሞላ፣ ሰዓቱም «መሽቷል» ሲል ነው። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

## ዝግጅት (7 ቀን)

1. ሳትነኩት መዝግቡት

ለሰባት ቀን ምንም አትቀይሩ። ወረቀት አልጋችሁ አጠገብ አስቀምጡና ጠዋት ጠዋት አራት ነገር ጻፉ፦ መብራት ያጠፋችሁበትን ሰዓት፣ እንቅልፍ የወሰዳችሁ የሚመስላችሁን ሰዓት፣ የነቃችሁበትን ሰዓት፣ እና ባለፈው ቀን የመጨረሻውን ቡና ወይም ሻይ የጠጣችሁበትን ሰዓት። ግምት ይበቃል። ሌሊት ተነስታችሁ ሰዓት እያያችሁ እንዳትመዘግቡ፤ ሰዓት ማየቱ ራሱ እንቅልፍ ያባርራል።

ከሰባቱ ቀናት ቢያንስ ሁለቱ ያለ አላርም የምትነቁባቸው ይሁኑ። ሰውነታችሁ በራሱ የሚነቃበትን ሰዓት የምታገኙት ከእነዚህ ቀናት ነው።

2. የመታጠፊያ ሰዓታችሁን አስሉ

መታጠፊያው አብዛኛውን ጊዜ በራስ ከሚነቁበት ሰዓት 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ይገኛል። ለጥንቃቄ 2 ሰዓት ብቻ ቀንሱ።

አንድ ምሳሌ እንያዝና እስከ መጨረሻው አብሮን ይሂድ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ የሚወስደው፣ አላርም ከሌለ ከረፋዱ 4 ሰዓት የሚነቃ ሰው አለ እንበል። መታጠፊያው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ፍላጎቱ ከምሽቱ 4፡30 ተኝቶ ከጠዋቱ 12፡30 መነሳት ነው። ሰዓቱን በሦስት ሰዓት ተኩል ማስቀደም አለበት ማለት ነው።

አሁን ይህ ሰው ወኔ ይዞት በመጀመሪያው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ደጅ ለደጅ ቢራመድ ምን ይሆናል? ለእሱ ሰውነት ያ ሰዓት ገና ሌሊት ነው። ያገኘው ብርሃን ከመታጠፊያው በፊት ያረፈ ስለሆነ የሰውነቱን ሰዓት ይበልጥ ሊያዘገየው ይችላል። «ለአንድ ሳምንት በጠዋት ተነሳሁ፣ ጭራሽ ባሰብኝ» የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን አይደለም። በአንድ ጊዜ ብዙ ስለዘለሉ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ የከሸፍኩት በዚሁ ነው። ያኔ ግን ምክንያቱን ስለማላውቅ ራሴን ሰነፍ እያልኩ ስወቅስ ነበር።

3. ዕቃችሁን አዘጋጁ

- ከአልጋ ተነስታችሁ ካልሄዳችሁ በስተቀር የማትደርሱበት አላርም። ስልክ ከሆነም ከአልጋው ርቆ ይቀመጥ።
- ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ ወይም የዓይን መሸፈኛ።
- ለምሽት የሚሆን ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫ ያደላ አምፖል። ከጣሪያ ሳይሆን ዝቅ ካለ ቦታ የሚያበራ ቢሆን ይመረጣል።
- ጠዋት ላይ የምትቀመጡበት ወይም የምትራመዱበት የተወሰነ ደጅ። ቦታውን ዛሬውኑ ምረጡት። እንቅልፍ ባልለቀቀው ጭንቅላት ጠዋት ላይ ምርጫ አይሳካም።

ማስጠንቀቂያ፦ ባይፖላር የተባለው የስሜት ሕመም ያለበት ሰው፣ የዓይን ሬቲና ችግር ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በተለይ ባይፖላር ላይ የእንቅልፍ መጉደልና ኃይለኛ ብርሃን ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

## ሥራው

ደረጃ 1፦ የመነሻ ሰዓቱን በ30 ደቂቃ ሳቡት

በራሳችሁ ከምትነቁበት ሰዓት 30 ደቂቃ ቀንሱና አላርም ሙሉ። ምሳሌያችን ላይ ያለው ሰው ከረፋዱ 3፡30 ይነሳል። ሁለት ቀን በዚያው ይቆያል። ከዚያ 3 ሰዓት፣ ከሁለት ቀን በኋላ 2፡30፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሰባት እርምጃ በሁለት በሁለት ቀን፣ 14 ቀን ይሆናል።

ሰባቱንም የሳምንቱ ቀናት አንድ ዓይነት ሰዓት ተነሱ። ቅዳሜና እሁድም ጭምር። «ስኑዝ» የሚለውን አትንኩት። አላርሙ ጋ ለመድረስ በባዶ እግር ወለሉን ስትረግጡ ሰውነት ይቃወማል፣ ጭንቅላት «አምስት ደቂቃ ብቻ» ይላል። ያ መደንዘዝ ለብዙ ሰው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ውሳኔ አትስጡበት፤ ዝም ብላችሁ ወደ መረጣችሁት ቦታ ሂዱ።

ሥራ ወይም ትምህርት በጠዋት የሚያስነሳችሁ ከሆነና ቀስ በቀስ መውረድ የማትችሉ ከሆነ፣ በግዴታችሁ ሰዓት ተነሱ። መታጠፊያው እስኪያልፍ ድረስ ግን ከኃይለኛ ብርሃን ተቆጠቡ፦ መጋረጃ አትክፈቱ፣ ደብዛዛ መብራት ተጠቀሙ፣ መንገድ ላይ የፀሐይ መነጽር አድርጉ። ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ግን ማየት የሚያስቸግር ጥቁር መነጽር አታድርጉ፤ ከሰዓቱ መስተካከል የመንገድ ደህንነት ይቀድማል። መታጠፊያውን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ብርሃን ውጡ። መታጠፊያውን በየሁለት ቀኑ በ30 ደቂቃ እያስቀደማችሁ አስሉት።

ደረጃ 2፦ በተነሳችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጅ ውጡ

ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይህ ደረጃ ነው፤ የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውጭ ሁኑ። ደመና ቢሆንም ውጡ። ዓይናችን ስለሚለማመድ ቤት ውስጥ ያለው መብራት በቂ ይመስለናል፣ ልዩነቱ ግን እጅግ ሰፊ ነው። የብርሃን መለኪያው ሉክስ ይባላል። የተለመደ የቤት መብራት ከጥቂት መቶ ሉክስ አይበልጥም። ደመናማ ቀን ላይ ደጅ ብትወጡ በሺዎች የሚቆጠር ታገኛላችሁ፣ የጠራ ፀሐይ ላይ እስከ 100,000 ይደርሳል። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ከምንም ይሻላል፣ ግን ከመስኮቱ በራቃችሁ ቁጥር ብርሃኑ በፍጥነት ያንሳል።

ፀሐይን ቀጥ ብላችሁ አትመልከቱ፤ ዓይን ይጎዳል። ፊታችሁ ወደ ሰማዩ ብርሃን መዞሩ ይበቃል። የዓይን ሐኪም ካላዘዘላችሁ በስተቀር የፀሐይ መነጽር አታድርጉ። በዚያው መራመድ ከቻላችሁ እሰየው፤ ካልሆነም ቁጭ ብላችሁ ቁርሳችሁን ብሉ።

መውጣት የማይቻል ከሆነ ወይም ስትነሱ ገና ጨለማ ከሆነ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ 10,000 ሉክስ የብርሃን ሳጥን አለ። አምራቹ በጻፈው ርቀት ላይ አስቀምጡት፣ ለ30 ደቂቃ ከፊታችሁ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ይሁን፣ አምፖሉን አፍጥጣችሁ አትዩት። የአልትራቫዮሌት ጨረር የማያወጣ መሆኑን አረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ የቀኑን ጫና አታባክኑ

ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይዞ ድካሙን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ቡናም፣ ሻይም፣ ኮላም፣ ኢነርጂ ድሪንክም ይቅር። «እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰው አለ። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም እንቅልፉ ይሳሳል።

ቀን ላይ እንቅልፍ ካዳፋችሁ 20 ደቂቃ ብቻ ተኙ፣ እሱም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት። አላርም ሳትሞሉ ጋደም አትበሉ። ማታ ሶፋ ላይ የሚሰረቅ ሸለብታ ግን ክልክል ነው። አሥር ደቂቃ ሸለብ ስትሉ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀማችሁት ጫና ይቀንስና አልጋ ላይ ዓይናችሁ ይፈጣል።

ምግብም ሰዓት ይቆጥራል። ጉበትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች የራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ እነሱም በምግብ ሰዓት ይመራሉ። ቁርስ ከተነሳችሁ ብዙም ሳትቆዩ፣ እራት ደግሞ ከመኝታ 3 ሰዓት ያህል በፊት ይሁን።

ደረጃ 4፦ ምሽቱን አጨልሙት

ልትተኙ ከምታስቡበት ሰዓት 2 ሰዓት ቀደም ብላችሁ የጣሪያ መብራቱን አጥፉ። ደብዛዛውን አምፖል ብቻ ተዉ። ሜላቶኒን ከእንቅልፍ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፤ ደማቅ ብርሃን ግን ያፍነዋል።

ስልኩን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ። የስክሪኑን ቀለም ወደ ቢጫ መቀየር ጥቂት ይረዳ ይሆናል። ትልቁ ጉዳት ግን ብርሃኑ ብቻ አይደለም፤ «አንድ ቪዲዮ ብቻ» እየተባለ የሚሄደው ሰዓት ነው። እኔን የረዳኝ ቻርጀሩን ከመኝታ ክፍል አውጥቼ ሌላ ክፍል መሰካቴ ነው። ቻርጀሩ እዚያ ካለ ስልኩም እዚያ ያድራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች እጄ በጨለማ ትራሱ ሥር ሲፈልገው ያገኘሁት አንሶላ ብቻ ነበር። በአራተኛው መፈለጉን ተወ።

ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት በሞቀ ውኃ መታጠብም ይጠቅማል። ቆዳ ሲሞቅ የደም ሥር ይከፈታል፣ ከዚያ የውስጥ ሙቀት ይወርዳል። ሰውነት ወደ እንቅልፍ የሚገባው እየቀዘቀዘ ነው።

ደረጃ 5፦ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አትውጡ

ይህ ለብዙዎች እንግዳ ነው። ከተለመደው የእንቅልፍ ሰዓታችሁ በፊት ያሉት 2 ወይም 3 ሰዓታት ሰውነት ከቀኑ ሁሉ ይበልጥ ንቁ የሚሆንባቸው ናቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚተኛው ሰው ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ንቅት ብሎ ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን በ4፡30 አልጋ ላይ መውጣት ከዚያ ንቃት ጋር ግብግብ መግጠም ነው።

ስለዚህ መኝታውን አትግፉት። የመነሻ ሰዓቱ ሲቀድም፣ መኝታው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ዘግይቶ ራሱ ይከተላል። ምልክቱን ጠብቁ፦ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ያነበባችሁትን መስመር ደግማችሁ ታነባላችሁ፣ አንገት ይወድቃል። ያኔ ተኙ።

20 ደቂቃ ያህል የቆየ መስሎ ከተሰማችሁና እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱ። ሰዓት አትዩ። በደብዛዛ መብራት አሰልቺ ነገር ሥሩ፤ ልብስ ማጠፍ ወይም ከዚህ በፊት ያነበባችሁትን መጽሐፍ ማንበብ። ምልክቱ ሲመለስ ተመለሱ። አልጋ ላይ ሆኖ መጨነቅ ከቀጠለ አንጎል አልጋን ከጭንቀት ጋር ያያይዘዋል፣ ያንን ማላቀቅ ደግሞ ረጅም ሥራ ነው።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

አላርሙን አጥፍቼ ተኛሁ። በነቃችሁበት ደቂቃ ተነሱና ወደ ብርሃን ውጡ። ነገ ያንኑ የታሰበውን ሰዓት ድገሙ። ለማካካስ ብላችሁ አትዝለሉ።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ጠዋት በሰዓታችሁ ተነሱ። ከ20 ደቂቃ በላይ ቀን ላይ አትተኙ። የተጠራቀመው ጫና ማታ ይረዳችኋል። በዚያ ቀን ግን መኪና አትንዱ፣ አደገኛ ማሽን ላይም አትሥሩ። የእንቅልፍ ጉድለት ያለበት ሰው የራሱን ድካም አሳንሶ ነው የሚገምተው።

አራት ቀን ሆነኝ፣ መኝታዬ ፈቀቅ አላለም። ባላችሁበት እርምጃ ሌላ ሦስት ቀን ቆዩ። ከዚያ ሦስት ነገር መርምሩ፦ ጠዋት በእርግጥ ውጭ ነበራችሁ ወይስ መስኮት አጠገብ? ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ካፌይን ገብቷል? ማታ ሻወር ቤት ወይም ኩሽና ውስጥ ደማቅ መብራት አለ? ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

ቅዳሜ አመሸሁ። እሁድ ከታሰበው ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ አትዘግዩ። እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ከተኛችሁ ሰኞ ጠዋት ሰውነታችሁ ሌላ አገር ደርሶ እንደመጣ መንገደኛ ይሆናል።

ትንሽ ብጠጣ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። በእነዚህ ሳምንታት ተዉት።

ሜላቶኒን ክኒን ልውሰድ? ሐኪም ሳታማክሩ አይሆንም፤ በተለይ እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ሌላ መድኃኒት ካለ ወይም ለልጅ ከሆነ። ብዙዎች እንደ ማስተኛ ክኒን አልጋ ላይ ሲወጡ ይውጡታል። ሰዓት ለማስቀደም ግን ከተለመደው እንቅልፍ ብዙ ሰዓታት ቀደም ብሎ፣ በአነስተኛ መጠን ነው የሚወሰደው። በተሳሳተ ሰዓት ከተወሰደ እንደ ብርሃኑ ሁሉ ወደ ተቃራኒው ሊገፋ ይችላል።

የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ይህ መመሪያ ለእናንተ በቀጥታ አይሠራም። ፈረቃው በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ሰዓቱን ከማሳደድ ይልቅ የቀን መኝታችሁን ጨለማና ጸጥታ መጠበቅ ይበልጣል።

ልጄ አሥራዎቹ ውስጥ ነው፣ ጠዋት አልነሳ አለ። በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮ ይዘገያል። ስንፍና ብላችሁ አትቆጡት። ደረጃዎቹ ይሠሩለታል፣ ግን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ስለሚያስፈልገው የመጨረሻውን ግብ በዚያ ልክ አስሉለት።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

- ከባድ ማንኮራፋት ካለ፣ ወይም አብሯችሁ የሚተኛ ሰው «ትንፋሽህ ይቆማል» ካለ።
- በቂ ተኝታችሁም ቀን ላይ በንግግር መሀል እንቅልፍ ከጣላችሁ።
- ማታ እግር አላስቀምጥ ብሎ ካስቸገረ።
- በሳምንት ሦስትና ከዚያ በላይ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ እያለ ሦስት ወር ከሞላው። ለዚህ ክኒን የመጀመሪያው ምርጫ አይደለም፤ ለእንቅልፍ እጦት ተብሎ የተዘጋጀ የባህሪ ሕክምና ስላለ ስለሱ ጠይቁ።
- ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ አብሮ ካለ። ለዚህኛው ቀጠሮ አትጠብቁ።

## ግቡ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ

የመነሻ ሰዓቱ 12፡30 ሲደርስ አላርሙን አታውርዱት። ለሁለት ሳምንት ያህል ቅዳሜንም እሁድንም ጨምሮ በዚያው ቆዩ፣ የጠዋቱም ብርሃን አይቋረጥ። ከዚያ በኋላ ነፃ በሆናችሁበት ቀን ከመነሻ ሰዓታችሁ እስከ 60 ደቂቃ ብታሳልፉ ችግር የለውም። ጉዞ፣ ሕመም ወይም የፈተና ሰሞን መልሶ ካዛባው ከዝግጅት ሁለት ጀምሩ፤ አዲሱን መታጠፊያ አስሉና ከዚያ ተነሱ። በአሮጌው ስሌት አትሂዱ፣ ሰዓቱ ያኔ ከነበረበት ተንቀሳቅሷል።